ድምፁ ይቅደም፣ ኮቴው ይከተል

ሬዲዮ መድረክ የለውም፤ መብራትም መጋረጃም የለውም። አድማጩ ይዞ የሚመጣው ሁለት ጆሮውን ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ የዋህ ነው። ዓይን የቀረበለትን ነገር አገላብጦ ያያል፤ ጆሮ ግን ሰው የነገረውን ተቀብሎ የቀረውን ሥዕል ራሱ ይጨርሳል። ይህን የጆሮ ጠባይ አሳምረው ካወቁና ከተጠቀሙበት ሰዎች መካከል ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በአሜሪካ ሬዲዮ ልብ አንጠልጣይ የወንጀልና የምስጢር ድራማ ይሠሩ የነበሩት ግንባር ቀደም ናቸው ብል አላጋነንኩም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሬዲዮ ፕሮዳክሽን የቡድን ሥራ በተሰጠን ቁጥር ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ሳውንድ ኢፌክቱን ከየት እናገኛለን?» የሚል ነው። ስክሪፕቱ ገና ግማሽ ሳይደርስ ፍላሻችን በተኩስ፣ በነጎድጓድና በአምቡላንስ ጩኸት ይሞላል። ማን እንደሚያነብ የሚወሰነው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ «አንተ ድምፅህ ወፍራም ነው፣ አንተ አንብብ» ተብሎ። እኔ ይሄ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከነዚያ የጥንት ድራማዎች የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። የብዙዎቹ ቅጂ ዛሬም በኢንተርኔት ስለሚገኝ፣ ያልኩትን ማንም ሰምቶ ሊያመዛዝነው ይችላል።

ጎመን፣ ቆርቆሮና ላስቲክ

ለማያውቃቸው አንባቢ በአጭሩ ላስተዋውቅ። ዊሊስ ኩፐር «ላይትስ አውት» የተሰኘውን የአስፈሪ ታሪኮች ዝግጅት በ1934 በቺካጎ ጀመረ፤ በ1936 አርክ ኦቦለር ተረከበው። «ዘ ሻዶው» መጀመሪያ የተራኪ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከ1937 እስከ 1954 ግን ራሱ ዋና ባለታሪክ ሆኖ ወንጀለኞችን ያሳድድ ነበር። «ኢነር ሳንክተም» ከ1941 እስከ 1952፣ «ዘ ዊስለር» ከ1942 እስከ 1955፣ የሲ.ቢ.ኤሱ «ሰስፔንስ» ደግሞ ከ1942 እስከ 1962 ቆይተዋል።

እነዚህ ዝግጅቶች በአብዛኛው በቀጥታ ነበር የሚተላለፉት። ትልልቆቹ ኔትወርኮች እስከ 1940ዎቹ ማብቂያ ድረስ የተቀረጸ ዝግጅት ማስተላለፍ አይፈቅዱም ነበር። ስለዚህ ተዋናዮቹ ወረቀታቸውን ይዘው ማይክሮፎኑን ከበው ይቆማሉ፤ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ዕቃውን ደርድሮ እጁን አሰናድቶ ይጠብቃል። የመኪናና የባቡር ድምፅ ከሸክላ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙው ነገር ግን የእጅ ሥራ ነው። ነጎድጓድ ማለት የሚርገበገብ ስስ ቆርቆሮ ነው። እሳት ማለት በጣት የሚጨመደድ ላስቲክ ነው። የፈረስ ኮቴ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት፣ በበረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ደግሞ በከረጢት ታስሮ የሚጨመቅ የበቆሎ ዱቄት ነው። መቃኑ፣ ማጠፊያውና ቁልፉ የተሟላ፣ ወዲያ ወዲህ የሚገፋ እውነተኛ በርም ስቱዲዮ ውስጥ ነበራቸው።

«ላይትስ አውት» ላይ ሲደርስ ነገሩ ወደ ኩሽና ይዞራል። የሰው አንገት ሲቆረጥ የሚሰማው በቢላ የሚከተፍ ጥቅል ጎመን ነው። በኤሌክትሪክ ወንበር ላይ የሚቃጠለው ሰው መጥበሻ ላይ የሚንጫጫ ቤከን ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሰውየው እንደ ካልሲ ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ይህ እንዴት ይሰማል? የጎማ ጓንት እየተላጠ፣ ከጎኑ የእንጆሪ ማቅረቢያ ስስ የእንጨት ቅርጫት እየተሰባበረ። አድማጩ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ይሄን ሲሰማ ጸጉሩ ይቆማል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው ግን የሚያየው ጓንትና ቅርጫት ነው።

ጎመን ጎመን ነው

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ስለነዚህ ድራማዎች ሲወራ ሁሉም የሚደነቀው በጎመኑና በቆርቆሮው ነው። እኔም ደንቆኛል። ደጋግሜ ስሰማቸው ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ጎመኑ ብቻውን ሰው አያስፈራም። ጎመን ሲከተፍ ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር ኖሮ እናቶቻችን በየቀኑ ይደነግጡ ነበር። ጎመኑ አንገት የሚሆነው ከሱ በፊት የሆነ ሰው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ስለለመነ ነው። ፈሪውን የፈጠረው ልመናው ነው፤ ጎመኑ የመጣው የተጀመረውን ሊጨርስ ነው።

ይሄን ለማረጋገጥ ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ማታ ዶርም ውስጥ የብስኩት ላስቲክ ከስልኬ አጠገብ እያጨማደድኩ ቀረጽኩና ለአምስት ልጆች አሰማሁ። አንዱ «ዝናብ ነው» አለ፤ ሌላው «ሽንኩርት እየተጠበሰ ነው»፤ ሦስተኛው «ሬዲዮው ጣቢያ አልያዘም እኮ!» አለ። የቀሩት ሁለቱ ዝም አሉ። እሳት ያለ ግን አልነበረም። በማግስቱ አንዲት የክፍላችን ልጅ «እማዬ፣ ጭስ! ኧረ ጭስ!» ብላ እያሳለች እንድትጮህ አደረግንና ያንኑ ላስቲክ ከሥሩ አስገባን። ይሄኛውን የመጀመሪያውን ላልሰሙ ሌሎች አምስት ልጆች ሳሰማ፣ አምስቱም ያለ ማመንታት «ቤት እየተቃጠለ ነው» አሉ። ላስቲኩ ያው ላስቲክ ነው። የተለወጠው ማን ምን ብሎ እንዳስቀደመው ነው።

ባቡሩ ሲመጣ

ይህን እስከ ጫፍ የወሰደ አንድ ሥራ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው «ሰስፔንስ» በሜይ 25 ቀን 1943 ያስተላለፈውን «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ነው። ወደ እኛ ስንመልሰው «ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስተዋል» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ሉሲል ፍሌቸር፣ ዋና ተዋናይዋ አግነስ ሙርሄድ ናት። በ1948 በባርባራ ስታንዊክ መሪ ተዋናይነት ፊልም ሆኖ ወጥቷል። ሙርሄድ በሬዲዮ ደጋግማ ተጫውታዋለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት በሽተኛ፣ ነጭናጫ ሴት ኒው ዮርክ ውስጥ አልጋዋ ላይ ሆና ባሏ ቢሮ ስልክ ትደውላለች። መስመሩ ይምታታና ሁለት ወንዶች የአንዲትን ሴት ግድያ ሲያቀናብሩ ትሰማለች። ፖሊስ ዘንድ ትደውላለች፤ ብዙም አይሰማትም። ኦፕሬተሮቹ በተለማመዱት ሙዚቃ መሰል ቃና «ቁጥሩን እባክዎን» እያሉ ያመላልሷታል። ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ትለማመጣለች። ቀስ በቀስ የሚገደለው ሰው ማን እንደሆነ ይገባታል። ከሷ በፊት ለእኛ ይገባናል።

እዚህ ላይ የተጠቀሙባቸው ድምፆች ቢቆጠሩ ጥቂት ናቸው፤ የስልክ መደወያ መሽከርከር፣ የተያዘ መስመር ጥሪ፣ የእጀታው ቀጭ ማለት። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የባቡሩ ነው። ገዳዮቹ በተምታታው መስመር ሲነጋገሩ ሥራው የሚፈጸምበትን ሰዓት ይቆርጣሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡15፣ ባቡሩ ድልድዩን ሲያቋርጥ። ምክንያቱም መስኮቱ ክፍት ሆኖ ሴትዮዋ ብትጮህ ባቡሩ ጩኸቷን ይውጠዋል። ይህ በድራማው መጀመሪያ ላይ፣ በተራ የሥራ ንግግር ቃና፣ ጮክ ሳይባል የሚነገር ነገር ነው። ልብ በሉ፤ እስካሁን ባቡር አልተሰማም። ደራሲዋ ባቡሩን በቃል አስቀመጠችና ሄደች።

ከዚያ ሙርሄድ ትረከባለች። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ድምፅዋ ከትዕዛዝ ወደ ንጭንጭ፣ ከንጭንጭ ወደ ልመና፣ ከልመና ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋን አንወዳትም፤ እንዲያውም ታናድዳለች። መጨረሻ ላይ ግን ትንፋሽዋን አብረን እንተነፍሳለን። ልክ በዚያች ሰዓት ነው ባቡሩ ከሩቅ የሚመጣው። ማንም ምንም ማብራራት አያስፈልገውም። በሌላ ድራማ ውስጥ ቢሆን ያ ድምፅ «ከተማ ውስጥ ነን» ከማለት ያለፈ ትርጉም አይኖረውም ነበር። እዚህ ግን ሞት ራሱ በሐዲድ ላይ ሲመጣ እንሰማለን። ይሄንን ትርጉም የሰጠው የቀረጻው ጥራት አይደለም፤ አስቀድሞ የተነገረው አንድ ዓረፍተ ነገርና የአንዲት ሴት ጉሮሮ ናቸው።

ማይክሮፎኑ መድረክ ነው

ድምፅ ይቅደም ስል «ወፍራም ድምፅ ያለው ይቅደም» ማለቴ አይደለም። እነዚያ ተዋናዮች ሙያ ነበራቸው። ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ መራቅ ከክፍሉ መውጣት ነው፤ ፊትን ዞር ማድረግ በር ላይ ቆሞ መናገር ነው፤ ከንፈርን አስጠግቶ ዝቅ ማለት የሐሳብ ድምፅ ነው። «ዘ ሻዶው» ላይ ባለታሪኩ የሰዎችን አእምሮ ጋርዶ የማይታይ ሲሆን፣ ድምፁን በማጣሪያ አሳልፈው ያቀጥኑትና የስልክ ድምፅ ያስመስሉት ነበር። አድማጩ ቅላጼው ሲለወጥ «አሁን አይታይም» ብሎ ያውቃል። በ1937 ይህን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የነበረው ኦርሰን ዌልስ ነው፤ አብራው የምትጫወተው ደግሞ ያችው ሙርሄድ ነበረች። እንግዲህ ዌልስ ያኔ ከእኛ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ነው!

«ዘ ዊስለር» በኮቴና በፉጨት ይከፈት ነበር። «ኢነር ሳንክተም» በየሳምንቱ የሚጀምረው ሲጢጢጥ በሚል በር ነው። በሩ ሲከፈት ግን ለብቻው አይተዉትም፤ ሬይመንድ ኤድዋርድ ጆንሰን የተባለው አስተዋዋቂ እየቀለደ፣ በሬሳና በመቃብር እያሾፈ ይቀበለናል። በሩን ከነቀልዱ ስለምናስታውሰው ነው የሚናፍቀን። የዝግጅቱ ፈጣሪ ሂማን ብራውንም ይህን ስላወቀ በ1974 «ሲ.ቢ.ኤስ ሬዲዮ ሚስትሪ ቲያትር»ን ሲጀምር ያንኑ የሚያንቋርር በር መልሶ አመጣው፤ አስተናጋጅ ድምፅም መደበለት። ዝግጅቱ እስከ 1982 ዘልቋል።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ የአንባቢው ነገር በእጥፍ ይከብዳል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። በጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ሰው «ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ብንጽፍ፣ «ለ» ከላላ «ማን ተናገረ?» ማለት ነው፤ ከጠበቀ «ማን አለ እዚህ?» ማለት ነው። አንደኛው ሐሜት ሲያጣራ ሌላው ለነፍሱ ይፈራል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው የአንባቢው ምላስ ነው። አንባቢው ስቶ «ለ»ን ካላላው፣ ከኋላው የቱንም ያህል ኮቴ ብናስገባ አድማጩ አይደነግጥም፤ ግራ ይገባዋል እንጂ።

«ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል»

ይህን ሳነሳ ጓደኞቼ ሁለት መልስ ይሰጡኛል። አንደኛው «ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል፤ አሁን ኮምፒውተር ውስጥ ሺህ ዓይነት በር አለ፣ ማን ጎመን ይከትፋል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጊዜው አልፏል። «ሰስፔንስ» ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 ሲሰናበት የአሜሪካ ሬዲዮ ድራማ ዘመንም አብሮት አበቃ ይባላል። እኔም ሁላችንም ቆርቆሮ ተሸክመን እንዙር አላልኩም። የምለው ሌላ ነው። የድሮው ባለሙያ በሩን ለመክፈት ተዋናይዋን እያያት መጠበቅ ነበረበት። ትንፋሽዋ ሲያጥር እሱም እጁን ያዘገያል። ድምፅና ቃል አብረው ይተነፍሱ ነበር። የወረደ ኢፌክት ግን ማንንም አይጠብቅም። የእኛን አንባቢ ሳያውቅ በሌላ አገር የተቀረጸ ነው። ሺህ በር ስላለን በሩ መቼ እንደሚከፈት እናውቃለን ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መልስ «እኛ ጋዜጠኞች እንጂ ተዋናዮች አይደለንም፤ ድራማ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ነው። ለኔ ይሄኛው ይከብዳል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጋዜጠኛው የት ላይ ይቁም?

በሜይ 6 ቀን 1937 «ሂንደንበርግ» የተባለው የጀርመን አየር መርከብ ኒው ጀርሲ፣ ሌክኸርስት ላይ ሲያርፍ ተቃጠለ። ኸርበርት ሞሪሰን የተባለ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሁኔታውን እየቀረጸ ነበር። ድምፁ ተሰበረ፤ አለቀሰም። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1938፣ ኦርሰን ዌልስና ባልደረቦቹ «የዓለማት ጦርነት» የተሰኘውን ድራማ በዜና ዘገባ መልክ ሲያዘጋጁ፣ የሪፖርተሩን ቦታ የያዘው ተዋናይ ፍራንክ ሬዲክ ነበር። ሬዲክ ለዚያ ሚና የተዘጋጀው የሞሪሰንን ቅጂ ደጋግሞ እየሰማ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ከዌልስ በፊት የ«ዘ ሻዶው» ድምፅ የነበረ ሰው ነው። እዩት እንግዲህ፤ የምስጢር ድራማው ሰው ወደ ዜናው ሄዶ እውነተኛውን ለቅሶ ተማረ፤ ተምሮም ለድራማ አዋለው። በድራማው ውስጥ ሪፖርተሩ ሲናገር በመሀል ይቋረጣል። ከዚያ ዝምታ ነው። ከጩኸቱ ሁሉ የሚያስፈራው ያ ዝምታ ነው።

(በነገራችን ላይ አገር ምድሩ በድንጋጤ ተተራመሰ የሚለውን ወሬ በማግስቱ ከልክ በላይ ያገዘፉት ጋዜጦች መሆናቸውን በኋላ የተጠና ጥናት አሳይቷል። ለእኛ ይሄም ሌላ ትምህርት ነው።)

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ አንድ ነው። ድራማ ከዜና መማር ይችላል፤ ዜናም ከድራማ ድምፅ መጠቀምን፣ ማዘግየትን፣ ዝም ማለትን መማር ይችላል። ጎመኑን ግን መዋስ አይችልም። ጆሮ የዋህ መሆኑን ካወቅን፣ ያንን የዋህነት ለማን እንደምናውለው መጠየቅ አለብን። የድራማ አድማጭ «አታልለኝ» ብሎ ፈቅዶ ይቀመጣል። የዜና አድማጭ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አልሰጠንም። በአንድ ጣቢያ ስለ እሳት አደጋ የቀረበ ዘገባ ስሰማ ከሥሩ የነበረው የሳይረን ጩኸት፣ እኛው ለክፍል ሥራ ካወረድነው ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። የኛን ከተማ እሳት የውጭ አገር ሳይረን አጠፋው ማለት ነው! ዘገባው ውስጥ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ድምፅ ግን አልነበረም። አድማጩ የተታለለው ለምንድን ነው? ሰው ማናገር ሳይረን ከማውረድ ስለሚከብድ ይመስለኛል። ዛሬ ኮምፒውተር የሰው ድምፅ ራሱ አስመስሎ በሚያወጣበት ጊዜ ይህ ልማድ ከቀጠለ፣ ነገ የሚወርደው ሳይረኑ ብቻ አይሆንም፤ ለቅሶውም ይወርዳል።

ሦስት ነገር ብንሞክርስ?

ለትምህርት ክፍላችን መምህራንና ለክፍል ጓደኞቼ ሦስት ቀላል ሐሳብ አለኝ። ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ማንኛውም የሬዲዮ ሥራችን መጀመሪያ ያለ ምንም ኢፌክት ይነበብ። መብራት አጥፍተን እንስማው። ራቁቱን ካልያዘን ልብስ አያድነውም። ከዚያ በኋላ የሚገባው እያንዳንዱ ድምፅ «የትኛው ቃል አስቀድሞሃል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ ከሌለው ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ስቱዲዮው ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ይቀመጥ። ላስቲክ፣ ቁራጭ ቆርቆሮ፣ አሸዋ፣ አሮጌ ቁልፍ፣ ያረጀ ጫማ። በሴሚስተር አንድ ጊዜ የአሥር ደቂቃ ድራማ በዚያ ካርቶን ብቻ፣ ሳናቆም፣ በአንድ ትንፋሽ እንሥራ። እጃችን ተዋናዩን መጠበቅ ይለምዳል።

ሦስተኛ፣ በዜናና በዘገባ ሥራችን ውስጥ ቦታው ላይ ያልተቀረጸ ድምፅ እንዳይገባ እንስማማ። ገበያ ስንል መርካቶ ሄደን እንቅረጽ። ካልሄድን ደግሞ ገበያውን በቃል እንግለጸው፤ ቃል እኮ ነውር አይደለም።

በነዚያ ድራማዎች በር ሲጢጥ ሲል የምንደነግጠው፣ ከበሩ ወዲህ የቆመችው ሴት እንድንሰጋላት አስቀድማ ስላደረገችን ነው። የሷን ያህል መናገር ከቻልን የበሩ ነገር አያሳስብም፤ እሱን የምንሠራበት አሮጌ ማጠፊያ የትም አይጠፋም።